ሁለት ጣት ለዝናብ

ከሞጣ ስልክ ሲደወልልኝ ደስ አይለኝም። የምትደውለው ዘሃራ መሆኗን አውቃለሁ። ዘሃራ ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ እንዲያውም በዚህ ዕድሜዬ ደህንነቴን ከልቧ የምትጠይቀኝ ሴት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ደስ የማይለኝ በራሴ ምክንያት ነው። በቀደም ደውላ፣ "ወንድም ይስማው፣ ልጆቼ ሐጅ ሊልኩኝ ነው፤ ሐሙስ እነሳለሁ። ሳልሄድ ናና አውፍ እንባባል" አለችኝ። ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ የሞጣ ሙስሊም ሐጅ ከመሄዱ በፊት ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የገበያ ደንበኛውን ሳይቀር እየጠራ "በድዬህ ከሆነ አውፍ በለኝ" ይላል። ይቅር በለኝ ማለቱ ነው። የተጠራውም በተራው "እኔንም አውፍ በለኝ" ይላል። የሰው ሐቅ ተሸክሞ እዚያ አይደረስም ይላሉ። እኔም "እመጣለሁ" አልኳትና ስልኩን ዘግቼ ብቸና ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ብዙ ቆየሁ።

ነገሩን ቀድሜ ልናገረው፤ ሰው ማንጠልጠል አልወድም። የዘሃራ ወንድም ሰይድ የሞተው ጦር ሜዳ ነው፤ ከእኔ ጋር ነበር። "የጠላት ከባድ መሣሪያ መታው" ብዬ ለእናቱና ለእሷ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ውሸቴን ነው። የመታው የራሳችን መድፍ ነው፤ መድፉ የቆመበትን ወለል የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ግማሹን ውጬ ግማሹን ነው የነገርኳቸው። እንግዲህ ዘሃራ አውፍ እንባባል ስትለኝ፣ ይህን በሆዴ ይዤ "አውፍ ብዬሻለሁ" ብላት መንገዷን አበላሽባታለሁ፤ ብናገር ደግሞ ያለችኝን አንዲት እህት አጣለሁ። ሁለት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ሚስቴ በሕይወት ብትኖር "ምን ሆነሃል፣ እንደ ታመመ በሬ ምግብ ትገፋለህ" ትለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ድሮ ከብቸና ሞጣ የሚያደርሰን ሎንቺና ነበር። ውስጥ ለተቀመጠ ሦስት ብር፣ ጣሪያ ላይ ከበርበሬ ጆንያና ከታሰረ ፍየል ጋር ለተሳፈረ ሁለት ብር። የእኛ ዘመን ጎረምሳ ጣሪያውን ነበር የሚመርጠው። እግሩ ሥር ዣንጥላ የሚያህል ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ፣ ቴትሮን ሸሚዙን እስከ ሆዱ ከፍቶ፣ አፍሮው ላይ አንድ ጣት አቧራ ተኝቶበት ሲደርስ ትልቅ ሰው የሆነ ይመስለው ነበር። እኔም ይመስለኝ ነበር፤ የእኔ ሱሪ ግን ጉልበቱ ላይ ሁልጊዜ ሲሚንቶ አያጣም። ብቸና ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ጥግ ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ጣፋጭ ብስኩት በአምስት። ባለቤቱ አንድ ቴፕ ነበረውና ባትሪው እየደከመ ሲሄድ የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ፣ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ እስክትሆን ያዘፍናታል። እኛም አብረን ድምፃችንን አወፍረን እንከተላት ነበር። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የሞባይል መሸጫ አለ። ወለሉን አይቼዋለሁ፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃ ይተኛበታል።

ወለል አይቶ ማለፍ አልችልም፤ ግንበኛ ነኝ። ያስተማሩኝ ባሻ ደምሌ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ አንድ ዓይናቸውን ድንጋይ ሲጠርቡ ፍንጣሪ አጥፍቶባቸው በቀረችው አንዷ እኛ በሁለት የማናየውን የሚያዩ። ውሃ ልክ መያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በእንጨት መሐል ያለችው ጠርሙስ ውስጥ አረፋዋ ከመሐል እስክትቆም ትጠብቃለህ፤ ያኔ ወለሉ ትክክል ነው። ባሻ ደምሌ ግን በዚህ አያበቁም። አረፋዋ መሐል ስትገባ ጠብቀው፣ "አሁን ሁለት ጣት ለዝናብ ስጥ" ይሉኛል። ውሃው ወርዶ እንዲሄድ ወለሉን በአንድ ወገን ሁለት ጣት ዝቅ ማድረግ ማለት ነው። "ትክክል ወለል የሰነፍ ወለል ነው" ይሉ ነበር። የብቸናን ዋልካ አፈር፣ የሐምሌን ዝናብ የሚያውቅ ሰው እውነታቸውን እንደሆነ ያውቃል። በረንዳ ብሠራ፣ የእህል ጎተራ ብሠራ፣ የደጀ ሰላም ደረጃ ብሠራ፣ እጄ ሳላዘው ሁለት ጣት ይሰጣል። የለመደች ጦጣ ዘወትር ሽምጠጣ ይባል የለ።

ሚኒባሱ ጉንደ ወይን ሳይደርስ ቆመ። ከመንገዱ ዳር ካለው ተዳፋት ላይ ታጣቂዎች አንድ ከባድ መሣሪያ ሊያቆሙ ይታገላሉ። የማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም፤ በዚህ ዘመን የሚጠይቅ ሞኝ ነው። ወንዶቹ ወርደን ድንጋይ እንድናቀብል ታዘዝን። አንዱ ልጅ እግር ሽበቴን አይቶ፣ "አባት፣ እርስዎ ይቀመጡ" አለኝ። ተቀመጥኩና አየሁ። ከላይ በኩል ቆፈር አድርገው፣ ከታች በኩል ድንጋይ እየደረደሩ ያስተካክላሉ። ከሥር ያስገቡት ድንጋይ ድቡልቡል ነው፤ ሁለቴ ከተተኮሰ ተንሸራቶ ይወጣል። መሣሪያውም ወደ ገደሉ በኩል ዘሟል፤ ከሩቅ ይታየኛል። ልጅ እግሩ ዓይኔን ተከትሎ፣ "ምን ያያሉ አባት?" አለኝ። "ምንም፣ ድንጋዩን ነው" አልኩት። ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ቢስተካከልም የሚያርፈው ሰው ላይ ነው፤ ቢዘምም ሰው ላይ ነው። የቅባቱ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጣ፤ ያ ጥቁር ቅባት፣ በፀሐይ ሲግል ከብረት ጋር የሚሸተው። ስንነሳ አፍንጫዬን በጋቢዬ ሸፍኜ አቀረቀርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ፈርቼ መስሏቸው ከዘንቢላቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ።

እኔን ወደ ጦር ሜዳ የወሰደኝ ያው የዚያ ዘመን አወሳሰድ ነው፤ ስንቱ ተወሰደ። ከደጀን የጭነት መኪና ላይ ስንጫን አጠገቤ የተቀመጠው ቀጭን ልጅ ሰይድ ነበር። አባቱ ሞጣ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱም እንደ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሰውን በልብሱ ነው የሚያነበው። ገና ስሜን ሳይጠይቀኝ ሸሚዜን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ፣ "ይሄን የሸጠልህ ሰው አታሎሃል፤ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ለወንድምህ ይሆናል" አለኝ። ወንድም የለኝም ብለው፣ "እንግዲያው እኔ እወስደዋለሁ" ብሎ ሳቀ። ወላሂ ሳይል ሦስት ቃል አይናገርም። የአባይን በረሃ ስንወርድ እኔ በፍርሃት የመኪናውን ጠርዝ አጥብቄ ስይዝ እሱ የቴፕ ዘፈን በአፉ እየተጫወተ፣ ከበሮውን የመኪናው ብረት ላይ ይመታ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ሆንን።

መድፈኛ ክፍል ደረሰን። የተላክንበት አገር ሁሉ ተዳፋት ነው፤ እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ መሬት ፈልገህ አታገኝም። መድፍ ደግሞ ተዳፋት አይወድም። ያን ሁሉ ቶን ብረት ጎኑ ላይ አጋድለህ ብታቆመው መጀመሪያ ራሱን ይጥላል፤ ባይወድቅ እንኳ አቅጣጫውን ያጣል። መድፎች ከማነጣጠሪያቸው ጋር የራሳቸው ውሃ ልክ አላቸው፤ የእኛው ግን ጠርሙሷ ተሰብራ ነበር የመጣችው፣ መለዋወጫም አልነበረም። አንድ ቀን ሻምበሉ አሰልፎን፣ "ከእናንተ ውስጥ ግንበኛ አለ?" አለ። ሰይድ ወገቤን በክርኑ ወጋ አደረገኝ፤ "ውጣ እንጂ፤ ከጥበቃ ትድናለህ።" ወጣሁ። ሻምበሉ ከተራራው ወገብ ላይ አንድ ቦታ አሳየኝና፣ "እዚህ ላይ ወለል ትሠራልኛለህ። የመድፉ ሁለት ጎማ እኩል እንዲቆም። ውሃ ልክ ይሁን" አለ። እኔም ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ በፊት እዚያ አገር የሚያስፈልግ ሰው መሆኔን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

አምስት ቀን ፈጀብኝ። ከላይ በኩል ተራራውን ቆረጥኩት፤ ከታች በኩል ወገብ የሚደርስ ግንብ አነሳሁ፤ መሐሉን በጠጠር ሞልቼ ላዩን በጥርብ ድንጋይ አለበስኩት። የመድፉ እግሮች ወደ ኋላ የሚያርፉበትን ጉድጓድ በትልልቅ ቋጥኝ አሰርኩት፤ ሲተኮስ ወደ ኋላ እንዳይገፋ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የተዋበ ሥራ ነው ብል ማጋነን አይደለም፤ ማፈር የነበረብኝን ያህል እስካሁን አላፈርኩበትም። ከእንጨትና ከመድኃኒት ጠርሙስ በእጄ የሠራሁትን ውሃ ልክ ባስቀምጥ አረፋዋ መሐል ቆመች። ሰማዩ ግን ጠቁሯል። ክረምቱ መጥቷል። ዝናቡ መጥቶ ውሃ ቢተኛበት ጠጠሩ ይሰምጣል፤ ጎማው ይንሸራተታል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር አሰብኩ ማለት እንኳ ያስቸግረኛል፤ እጄ ነው የሠራው። በግራ በኩል ሁለት ጣት ዝቅ አደረግሁት። ሰይድ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ "ወላሂ ይስማው፣ ለመድፍ በረንዳ ሠራህለት! በርጩማ አምጣለትና ይቀመጥ" አለ። ሁላችንም ሳቅን። ሻምበሉም ሳቀ፤ ወለሉን በጫማው መታ መታ አድርጎ፣ "ጎበዝ ግንበኛ" አለኝ።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። አፈሙዙ ዝቅ ብሎ ቅርብ ቅርብ ሲተኮስ የሁለት ጣት ማዘንበል አይታወቅም። አፈሙዙ ወደ ሰማይ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር ግን ወደ ዘመመበት ጎን ያጋድላል፤ ቅምቡላውም ወደዚያው ይሄዳል። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። ግንበኛ ነኝ እንጂ መድፈኛ አይደለሁም፤ ግድግዳ ደግሞ ሄዶ ሰው አይመታም። ሰይድ በዚያ ሰሞን ቃኝ ሆኖ ነበር፤ ዓይኑ ሩቅ ስለሚያይ ፊት ለፊት፣ ወደ ግራ ካለው ኮረብታ ላይ ሆኖ በመነጽር እያየ፣ የተኮስነው የት እንደወደቀ በሬዲዮ ይነግረናል። እኛ ከተራራው ወዲያ ያለውን አናይም፤ ዓይናችን እሱ ነው። አንድ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ከተራራው ጀርባ እንድንመታ ታዘዝንና አፈሙዙ እስከዚያ ቀን ወጥቶ የማያውቀውን ያህል ወጣ። ሰይድ በሬዲዮ፣ "ዝግጁ ነኝ። ይስማው አለ እዚያ? ብርድ ልብሱን አስጣው በሉት፤ ረጥቧል" አለ። ሬዲዮ የያዘው ልጅ እየሳቀ አስተላለፈልኝ። ተተኮሰ። ጆሯችንን እንደያዝን ድምፁን ጠበቅን። ከወዲያ ይመጣል ያልነው ፍንዳታ ከወዲህ፣ ከግራ መጣ። ኮረብታው ጫፍ ላይ ጭስ ተነሳ። ሬዲዮ የያዘው ልጅ የሰይድን መጥሪያ ደጋግሞ ጠራ። ደጋግሞ። መልስ የለም።

ሻምበሉ፣ "ደርሰውበታል፤ የጠላት ነው" አለ። አምኖበት ይሁን ፈርቶ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሬሳውን በሸራ አወረዱት። በክፍላችን የነበሩት ሁለት ሙስሊሞች ሰገዱበት፤ መቃብሩን የቆፈርኩት፣ ድንጋዩን የደረደርኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ምሳቸውን ሲበሉ ብቻዬን ወደ መድፉ ሄድኩ። ውሃ ልኬን ጎማና ጎማ በሚያገናኘው ብረት ላይ አስቀመጥኩ። አረፋዋ ሸሽታ በቀኝ ጥግ ተለጥፋለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ራሴ የሠራሁት ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ተነስቼ ከግራው ጎማ ሥር ሁለት ጣት የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገባሁ፤ በመዶሻ መትቼ አጠበቅሁት፤ አረፋዋ መሐል ገባች። ሄጄም ከሌሎቹ ጋር ምሳዬን በላሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ከዚያ ወዲያ መድፉ ያነጣጠሩትን ይመታ ነበር፤ ሻምበሉም ስሙን ጠርቶ አመሰገነኝ፤ ስሜን ማለቴ ነው፣ የሰይድ ስም ከዚያ በኋላ አልተጠራም።

ጦርነቱ አልቆ፣ አንዱ ሄዶ ሌላው መጥቶ፣ እኔም በእግሬ ብቸና ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ሞጣ መሄድ ሆነ። እናቱ እማማ ከድጃ ገና ከበር ሳልገባ፣ "ልጄ እንዴት ሞተ?" አሉኝ። ልናገር ነበር የሄድኩት። የሳቸውን ፊት ሳይ፣ "የጠላት ከባድ መሣሪያ ነው፤ አልተሰቃየም" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። ከዚያ በየዓመቱ መሄድ ለመድኩ። የጎን ግድግዳቸው ተሰንጥቆ ነበር፣ ጠገንኩት። ግቢያቸውን ድንጋይ አለበስኩት። ባል ሞቶባቸው ሱቃቸው በዘሃራ እጅ ብቻ ሲቀር፣ የመደርደሪያውን ግድግዳ በነጻ ሠራሁ። እማማ ከድጃ ሲሞቱ አስከሬን ተሸክሜያለሁ። ሰው ሁሉ "የሰይድ ጓደኛ፣ ታማኝ" ይለኛል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ሆዴ ያውቅ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ሞጣ ደረስኩ። የዘሃራ ግቢ በሰው ተሞልቷል፤ ለአውፍ የመጣው ከበር እስከ ጓዳ ተደርድሯል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። እኔን ስታይ ተነስታ ተቀበለችኝና ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ጸጉሯ ከሻሽዋ ሥር ነጭ ሆኗል። ሽሮ ቀርቦልኛል፤ ሥጋችን የየራሳችን ስለሆነ ለእኔ ሁልጊዜ የምትሠራልኝ ሽሮ ነው።

"አስቀድሜ እኔ ልናገር" አለች። "አንተን ባየሁ ቁጥር በሆዴ፣ 'ይሄ ተርፎ የኔ ወንድም ምነው' እል ነበር። ግድግዳችንን ስትጠግን፣ እናቴ ስትመርቅህ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ እንደዚያ እል ነበር። አንድ ዓመት ታመህ የቀረህ ጊዜ ደስ ብሎኛል። ወንድሜ፣ አውፍ በለኝ።"

ይህን ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ። እንደተዘጋጀሁት አልነገርኳትም፤ ተደነባብሬ፣ መጨረሻውን መጀመሪያ፣ መጀመሪያውን መጨረሻ አድርጌ ነገርኳት። ወለሉን፣ ዝናቡን፣ አፈሙዙን፣ ኮረብታውን። በኋላ ያስገባኋትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ሳይቀር። ዘሃራ አላለቀሰችም። እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

"ስንት ነበር ያዘነበልከው?" አለችኝ።

"ሁለት ጣት።"

"ለምን?"

"ለዝናብ፣ እት ዘሃራ። እንደ ቤት።"

ሁለት ጣቷን ገጥማ አየቻቸው። ከውጭ የሰው ጫጫታ ይሰማል። "አውቀህ አይደለም" አለች በመጨረሻ። "ቀኑ ነው። አላህ የጻፈው ነው። ይሄን አውፍ ብዬሃለሁ፤ ከልቤ።"

አርባ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ወረደልኝ። እንባዬ መጣ፤ ጉልበቷን ልስም ጎንበስ አልኩ። በእጇ ትከሻዬን ይዛ አስቆመችኝ።

"ቆይ። እናቴ በየስግደቷ መጨረሻ ላይ ምን ትል ነበር? እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ አንተ እዚያች ጥግ ተቀምጠህ?"

ወደዚያች ጥግ ዞሬ አየሁ።

"'ልጄን የመታውን እጅ አላህ ያድርቀው' ትል ነበር። አንተስ ምን ትል ነበር?"

"እት ዘሃራ..."

"አሚን ትል ነበር። ከሁላችንም ድምፅህን ከፍ አድርገህ። አንድ ቀን አይደለም፤ በመጣህ ቁጥር። ልትሞት ስትልም ያንኑ ብላ፣ አንተን አሚን አስብላ ነው የሞተችው። ዝም ማለት አትችልም ነበር? ዝም ብትል ማን ይጠይቅህ ነበር?"

እውነቷን ነው፤ ዝም ማለት እችል ነበር።

"እሱን አውፍ ማለት የኔ አይደለም" አለች። "የእናቴ ሐቅ ነው። እሷን ደግሞ ከየት አምጥቼ ልጠይቅልህ?" ነጠላዋን አስተካከለች። "አንተስ እኔን አውፍ አልከኝ?"

"ብዬሻለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። በል ሽሮህ ቀዘቀዘ፣ ብላ። ከእንግዲህ ደግሞ መንገዱ ክፉ ነው፤ አንተም አርጅተሃል። ወደዚህ እየመጣህ አትልፋ።"

በአገራችን ሰው በር የሚዘጋው እንደዚህ ነው። ሁለት ጉርሻ በልቼ ተነሳሁ። ተራ የሚጠብቀው ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። በሩ ላይ የቆሙ አንዲት አሮጊት፣ የዘሃራ ጎረቤት ናቸው፣ ዓመታት ሙሉ ስመጣ ስሄድ የሚያውቁኝ፣ እጄን ጨብጠው ፈገግ አሉ።

"ተባባላችሁ?" አሉኝ።

"አዎ እማማ" አልኳቸው። "ተባባልን።"